ደንበኛ የሚልክ ሁሉ ሸሪክ ነውን?

የሸዋ ሮቢት ገበያ ስለ አጋር አመራረጥ የሚያስተምረው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ለቆ ቁልቁል ሲወርድ የይፋት ቆላ በሙቀቱ ይቀበለዋል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢት የዚህ ቆላ ዋነኛ የንግድ በር ናት። በዙሪያዋ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማል፤ ማሾ፣ ማሽላና ጤፍም ይመረታል። በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ደግሞ ሆቴሉ፣ ጎሚስታው፣ የዘርና የጸረ ተባይ መድኃኒት መደብሩ፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ ሻጩ ጎን ለጎን ይሠራሉ።

በእንዲህ ዓይነት ከተማ ነጋዴ ከነጋዴ ደንበኛ መላላኩ የተለመደ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር የት ምሳ እንደሚበላ ጎሚስታውን ይጠይቃል። ዘር የገዛው ገበሬ የፓምፑ ቀበቶ የት እንደሚገኝ ዘር ሻጩን ይጠይቃል። የተጠየቀው ነጋዴ ጣቱን ወደ አንዱ መደብር ሲቀስር ገንዘብ አልከፈለም፣ አልተቀበለምም። ሆኖም ያደረገው ነገር ዋጋ አለው፤ ስሙን ለሌላ ሰው አውሷል። ስለዚህ ጥያቄው «ከማን ጋር ደንበኛ ልላላክ?» የሚል ይሆናል ማለት ነው።

ልማዱ የቆየ ነው

ይፋት ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ስሟ የሚነሳው ከንግድ መንገድ ጋር ነው። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ሸቀጥ በዚሁ አቅጣጫ ያልፍ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመንም ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያራግፉባት ገበያ ነበረች። ዛሬም ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ያገናኛሉ።

በዚያ ዘመን አገሩን የማያውቅ ነጋዴ ብቻውን አይገበያይም ነበር። በሶማሌ ጠረፍ በኩል የሚገባው እንግዳ «አባን» የሚባል ተቀባይ ይይዛል። አባኑ እንግዳውን ያስተናግዳል፣ ያገበያያል፣ ለደኅንነቱም በስሙ ይቆማል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1856 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ይህን ሥርዓት ገልጾታል። መጥፎ አባን የያዘ ነጋዴ ንብረቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ያጣ ነበር። የዛሬው ነጋዴም ምርጫው ከዚህ እምብዛም አይለይም።

ብዛት እና ጥቅም

ብዙ ነጋዴ አጋር ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ትልቅነትን ነው። «ሰው የሚበዛበት የት ነው?» ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የፓምፕ መለዋወጫ ሻጭ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ደንበኛ ይላላካል እንበል። አንደኛው መናኸሪያ አጠገብ ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጎርፍበት ምግብ ቤት ነው። በወር 40 ሰው ይልክለታል፤ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ይገዛሉ። ሁለተኛው ጥግ ያለ ትንሽ የዘርና የመድኃኒት መደብር ነው። በወር ስምንት ሰው ብቻ ይልካል፤ አምስቱ ይገዛሉ። ከአንድ ሽያጭ 300 ብር ቢተርፍ፣ ከምግብ ቤቱ የመጣው ትርፍ 600 ብር፣ ከትንሹ መደብር የመጣው 1,500 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ ሳይገዙ ለሄዱት 38 ሰዎች ዕቃ እያወረዱ ማሳየት የወሰደው ጊዜ አለ።

ልዩነቱ የመጣው ከደንበኛው ፍላጎት ነው። ዘር የሚገዛ ገበሬ መስኖ ያጠጣል፤ መስኖ የሚያጠጣ ደግሞ ፓምፑ ይበላሽበታል። የምግብ ቤቱ ተስተናጋጅ ግን አብዛኛው መንገደኛ ነው። በመሆኑም መልካም አጋር የሚባለው ተመሳሳይ ደንበኛ ኖሮት የተለያየ ዕቃ የሚሸጥ ነው። ዕቃውም ደንበኛውም አንድ ከሆነ ተፎካካሪ ነው፤ ሁለቱም ከተለያየ ደግሞ መላላኩ ሰላምታ ከመለዋወጥ አያልፍም።

ማሾና ሽንኩርት

አጋር የመምረጡ ጉዳይ የሚከብደው ጭነት ሲጨመርበት ነው። በዚህ ረገድ የይፋት ሁለት ምርቶች የተለያየ ዕጣ አላቸው።

ማሾ ደርቆ የሚቀመጥ እህል ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር መነሻው ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ መገበያየት እንዲችሉ ማድረግ ነበር። ምርቱ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ መጋዘን ይገባል፤ ክፍያውም በድርጅቱ በኩል ያልፋል። ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደዚህ ግብይት ገብቷል። በዚህ ሥርዓት ሻጩ የገዢውን ጠባይ የማጥናት ግዴታው ይቀልለታል።

ሽንኩርት ግን ይህ ዕድል የለውም። በቆላው ሙቀት ከማሳ የወጣ ሽንኩርት ቀን እየቆጠረ ይከስራል። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሌሊቱን ተጉዞ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ «ዋጋው ወርዷል» ቢባል ጭኖ መመለስ አይታሰብም። በዚያች ሰዓት ነጋዴውን የሚያድነው ስልኩን የሚያነሳው ሰው ማንነት ነው። እውነተኛውን ዋጋ የሚነግር ከሆነ ነጋዴው ቢያንስ መጓጓዣውን ይሸፍናል፤ ካልሆነ የአንድ ወቅት ድካም በአንድ ማለዳ ይቀራል። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ብሂል እዚህ አያዋጣም፤ ሽንኩርቱ እስከ ቀብር አይጠብቅምና።

ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን የምርት ገበያውን ከመምራታቸው በፊት በእህል በረንዳ ደላሎች ላይ ያደረጉት ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጥናቱ እንደምንረዳው ደላላው የማይተዋወቁ ነጋዴዎችን የሚያገናኝ ሲሆን፣ የሚያስተማምነውም ከቋሚ ደንበኞቹ ጋር ደጋግሞ ስለሚሠራ ነው። ነገ ተመልሶ የሚመጣን ሰው ዛሬ ማታለል ለደላላው ራሱ ኪሳራ ነው። እንግዲህ ድግግሞሽ ራሱ ዋስትና ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዋስትና ከቦታም ይበልጣል። የአዲስ አበባው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። ቦታውን ብቻ ለሚያውቅ ነጋዴ ገበያው እንደ አዲስ የሚጀመር ነው፤ ሰው የያዘ ነጋዴ ግን ሰውየውን ተከትሎ ይሄዳል።

የስልክ ገበያም ከዚህ ሕግ አያመልጥም

ዛሬ ዕቃውን በቴሌግራም ቻናል የሚያስተዋውቅ ነጋዴ በርክቷል። ቻናሎችም እንደ መደብሮቹ «አንተ የእኔን አስተዋውቅ፣ እኔ ያንተን» እየተባባሉ ይላላካሉ። ይህ ዓይነቱ ልውውጥ በድረ ገጾች ዘንድ ቀደም ብሎ የተፈተነ ስለሆነ ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ ድረ ገጽ አንባቢውን ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግርበት ሊንክ፣ ጎሚስታው ጣቱን ወደ ሆቴሉ እንደሚቀስረው ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ጉግልን ያቋቋሙት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እያንዳንዱን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቆጠሩት። የምስክሩ ክብደትም በመስካሪው ክብር ይለካል፤ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ የሚሰጠው ሊንክ ማንም ከማያውቀው ገጽ ሊንክ ይበልጣል። ይህን ያዩ ባለገጾች፣ በተለይም የፖከርና የሌላ ቁማር ገጾች፣ ካገኙት ሁሉ ጋር ሊንክ መለዋወጥ ያዙ። ምስክርነቱ የሐሰት ሆነ። ጉግልም ለመለዋወጥ ሲባል ብቻ የሚደረግን የበዛ ልውውጥ በደንቡ ከለከለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ፔንግዊን» በተባለው ማሻሻያው እንዲህ ያሉ ብዙ ገጾችን ወደ ኋላ ጣላቸው።

ከዚህ ታሪክ የሸዋ ሮቢቱ ነጋዴ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በሽዎች የሚቆጠር ተከታይ ካለው የእግር ኳስ ውርርድ ቻናል ይልቅ ጥቂት መቶ አትክልት አምራቾች የሚከታተሉት ቻናል ለፓምፕ ሻጩ ይሻለዋል።

ሸሪክ ከመያዝ በፊት

እስካሁን የታየው ወደ አምስት ነጥብ ይጠቀለላል።

አንደኛ፣ የአጋሩ ደንበኛ ማን እንደሆነ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ከመደብሩ ፊት ለፊት ቡና እየጠጡ የሚገባውንና የሚወጣውን መመልከት ብዙ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ በጥቂቱ መጀመር ነው። ለአንድ ወር ተሞክሮ የማይጠቅም ከሆነ ያለ ቅያሜ መለያየት ይቻላል። ጭነትም ሲሆን ለአዲስ ገዢ ሙሉ መኪና በዱቤ መላክ አይገባም።

ሦስተኛ፣ መዝገብ መያዝ ነው። «ማን ላከህ?» ብሎ ጠይቆ በደብተር መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ስንት መጡ፣ ስንቱ ገዙ፣ ስንቱ ተመልሰው መጡ የሚሉት ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ።

አራተኛ፣ ራስ የማይገዙበት ቤት ደንበኛን አለመላክ ነው። የተበላሸ መድኃኒት ተሽጦለት ሽንኩርቱ የተቃጠለበት ገበሬ የሚረግመው ሻጩን ብቻ ሳይሆን የላከውንም ነው። አንድ የጠፋ ስም አሥር ደንበኛ ቢላክ አይመለስም።

አምስተኛ፣ በአንድ ሸሪክ ብቻ አለመንጠልጠል ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የአካባቢው ንግድ ቆሟል። ገዢው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሆነበት ነጋዴ መንገዱ በተዘጋ ቀን ሥራ ይፈታል። ሆኖም ብዛትም መላ አይሆንም፤ የሚታወቁና የሚመዘገቡ ሦስት ወይም አራት ሸሪኮች ለአንድ መካከለኛ ነጋዴ በቂ ናቸው።

ደንበኛ መላላክ ካፒታል ለሌለው ነጋዴ ያለ ብር የሚሠራ ማስታወቂያ ነው። ሆኖም በነጻ የሚገኝ አይደለም፤ የሚከፈለው በስም ነው። ብሩን ሳይቆጥር ለማንም የማያበድር ነጋዴ ስሙንም ሳያሰላ ለማንም ማዋስ የለበትም።