ቀዩ መብራት ሳይበራ ሲቀር፦ የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ መብራቶችን በራስ እጅ ማስተካከል

ከማክሰኚት ወደ ጠዳ በማታ ስንመጣ የኮሮላዬ ዳሽቦርድ በድንገት ድርግም አለ። የፊት መብራቱ አስፋልቱን ያሳየኛል፤ ፍጥነቴን፣ ነዳጁንና የሞተሩን ሙቀት ግን ማየት አልቻልሁም። አጠገቤ የነበረው ወዳጄ የስልኩን መብራት እያበራልኝ ቀስ ብለን ገባን። በማግስቱ ያየው ባለሙያ «ጋሼ፣ ይኼ ሙሉ ዳሽቦርዱ መቀየር አለበት» አለኝ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የፊውዙን ሳጥን ከፈትሁ። የተቃጠለው አንድ ፊውዝ ብቻ ነበር። የደነገጥሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው፦ በአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች የዳሽቦርዱ የማታ መብራትና የኋላ መብራቶች የሚሠሩት በአንድ ፊውዝ ነው። ያን ሁሉ መንገድ የጭነት መኪኖች እየተከተሉኝ ከኋላዬም ጨለማ ነበርሁ።

ይህን የምጽፈው በእኛ አካባቢ አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዘመን ስለሚያገለግል ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ያለንን በአግባቡ መያዝ ነው የሚሻለው።

መጀመሪያ ሁለቱን ዓይነት መብራት ይለዩ። አንደኛው መለኪያዎቹን ከኋላ ሆኖ የሚያደምቅ የማታ መብራት ነው። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ መብራት ነው፦ የዘይት፣ የቻርጅ፣ የእጅ ፍሬን። የመጀመሪያው ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ሲሞት ግን ማንም አያውቅም፤ ያልበራ መብራት ሁሉም ነገር ደህና የሆነ ያስመስላል። ስለዚህ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ወደፊት ያዙሩ። የዘይቱና የቻርጁ ቀይ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። ከመነሻው ካልበሩ መኪናው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው ራሱ ሞቷል። ያገለገለ መኪና ሊገዙ ሲሄዱም ይህን ያድርጉ። ችግሩ እንዳይታይ አምፖሉን አውልቀው የሚሸጡ አሉና።

ቀጥሎ የፓርኪንግ መብራቱን አብርተው ወደ መኪናው ጀርባ ይሂዱ። የኋላውም የሰሌዳውም መብራት ከጠፋ ጥፋቱ ከፊውዙ ወይም ወደዚያ ከሚሄደው ገመድ ነው። ከኋላ በርቶ ዳሽቦርዱ ብቻ ከጨለመ ግን ፊውዙን ይተውት። ከመሪው አጠገብ ያለችውን የብርሃን መጠን ማስተካከያ ጥርስ ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ያሽከርክሯት። ውስጧ አቧራ ስለሚይዝ በዚህ ብቻ የሚመለስ ዳሽቦርድ ብዙ ነው።

የፊውዙ ሳጥን ክዳን ላይ በቶዮታ «ቴይል» የሚለው የማታውን መብራት፣ «ጌጅ» የሚለው መለኪያዎቹንና ማስጠንቀቂያዎቹን ይመለከታል። ፊውዙን በፒንሳ በቀስታ ነቅለው ወደ ብርሃን ያዙት፤ መሐል ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ከሆነ አልቆለታል። የሚተካው በዚያው አምፔር ነው፦ ቀዩ 10፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ። በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት አያስገቡ! ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው። እሱን ካሰናከሉት ቀጥሎ የሚግለው ከዳሽቦርዱ ሥር የተጠቀለለው የገመድ እሽግ ነው፤ ቤተሰብ ተሳፍሮበት መኪና የሚያያዘው እንዲህ ነው። አዲሱ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ የተላጠ ገመድ አለ ማለት ነው። የእኔው የተገኘው የኋላው ዕቃ መጫኛ ክዳን ማጠፊያ ላይ ነው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሰሌዳውን መብራት ገመድ ሲፈትገው ኖሮ መዳቡ ቦዲውን ነክቷል። በናስትሮ በደንብ ጠቅልዬ ከማጠፊያው አራቅሁት።

አምፖል ለመቀየር ዳሽቦርዱ መውጣት አለበት። በ10 ቁጥር መፍቻ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ የያዙትን ብሎኖች በኮከብ ካቻቢቴ ይፍቱና በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። መለኪያውን ወደ ራስዎ ሲስቡ እንቢ ካለ አይታገሉት፤ በአሮጌ መኪኖች የፍጥነት መለኪያው ገመድ ከጀርባው ተሰክቷል፣ እሱን መጀመሪያ ያላቁ። ጀርባው ላይ በስስ ፕላስቲክ የተለጠፉ የመዳብ መስመሮችና ትንንሽ የአምፖል መያዣዎች ያያሉ። መያዣውን ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲያዞሩት ይወጣል። መስታወቱ የጠቆረ አምፖል ብዙ ጊዜ የሞተ ነው። አዲሱን በሁለት ገመድ ባትሪ ላይ ሞክረው ይግጠሙ። መያዣው የሚነካው መዳብ ከዛገ በተማሪ ላጲስ ይፈግፍጉት፤ የብርጭቆ ወረቀት ግን መዳቡን ይጨርሰዋል። የአይሱዙ ጭነት መኪኖች አብዛኞቹ 24 ቮልት ስለሆኑ የኮሮላ አምፖል አይሆናቸውም፤ ገና ሲበራ ይቃጠላል።

ለቻርጅ መብራቱ ኤልኢዲ አልመክርም። በብዙ አሮጌ መኪኖች ዲናሞው ማመንጨት የሚጀምረው በዚያች አምፖል በኩል በሚያልፈው ኃይል ነው። አምፖሏ ስትሞት ባትሪው አብሮ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ሁሉም መብራት ደብዝዞ ከታየ፣ ወይም ፍሬቻ ሲሰጡ ሌላው አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ማሳውን ይጠርጥሩ። ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ፈትተው ዝገቱን ያንሱና አጥብቀው ይመልሱ። በክረምት በፊት መስታወቱ ጎማ በኩል ውኃ የሚያስገባ መኪና ይህ ችግር አይለቀውም፤ ጎማውን ካላስተካከሉ ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል።

አምፖሉ ደህና ሆኖ የዘይቱ መብራት አሁንም አልበራ ካለ፣ ሞተሩ ላይ ካለው የዘይት ግፊት ስዊች ገመዷን ነቅለው ቁልፉን ያዙሩና ጫፏን ከሞተሩ ብረት ጋር ያነካኩ። ከበራ የተበላሸው ስዊቹ ነው፤ ካልበራ ገመዱ ነው። ይህ መብራት እየነዱ ሳለ ከበራ ግን «ጎንደር ደርሼ አየዋለሁ» አይበሉ። ዳር ይዘው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ፤ ዘይት ያጣ ሞተር አዘዞ ሳይደርስ ሊነክስ ይችላል።

በተለይ በዳባትና በደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን የምትወርዱ፣ ጠዋት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ቁልፉን አዙራችሁ ቀዮቹን መብራቶች ቁጠሩ። አንዷ ከጎደለች አትውጡ።