«300 አድርገው» ተባልኩ፤ ፎቶው ግን ያው ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጆቼ እንዲያነቡት ብዬ የአባቴን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ በአማዞን ኪንድል ላወጣው አስቤያለሁ። እህቴ የቆዩ ፎቶዎችን ከደሴ በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ገጹን የሚያቀናብርልኝ ልጅ «ሁሉም 300 ዲፒአይ መሆን አለባቸው» ስላለኝ በፎቶሾፕ ቁጥሩን 300 አደረግሁት። ብዥታው ግን እንዳለ ነው። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለዎት ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ነጥብ ነው፤ ዲፒአይ ደግሞ በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚሰፍር የሚናገር ቁጥር ነው። የምስሉ ነጥቦች እስካልጨመሩ ድረስ 300 የሚለው ቁጥር ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ምልክት ብቻ ነው። ገጹ ላይ 4 ኢንች ስፋት የሚይዝ ፎቶ፣ 4 በ300 ሲባዛ፣ 1200 ፒክስል ይፈልጋል። የእርስዎ 600 ብቻ ካለው ጥርት ብሎ የሚታየው እስከ 2 ኢንች ነው። ፕሮግራሙ በግድ ቢያሳድገውም የጎደለውን የሚሞላው በግምት ነው፤ የአባትዎን ዓይን በግምት ማስሞላት ደግሞ አልመክርም።

ስለዚህ መፍትሔው ያለው ደሴ ነው። እህትዎ ፎቶዎቹን ስካነር ያለበት ቤት ይውሰዷቸውና በ600 ዲፒአይ፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆኑም በባለቀለም ስካን ያስደርጓቸው፤ ቀለሙ ከተያዘ ቢጫ የሆነውን ቦታ በኋላ ለይቶ ማጽዳት ይቀላል። 6 በ9 ሴንቲሜትር የሆነች ፎቶ እንኳ በዚህ መንገድ ወደ 1400 በ2100 ፒክስል ትወጣለች። ሲልኩልዎ በቴሌግራም «ፋይል» በሚለው በኩል ይሁን። እንደ ፎቶ የተላከውን መተግበሪያው ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ የብዥታው ግማሽ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ስካነር ከታጣ ያለ ፍላሽ፣ መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት አለ፤ ፋይሉን ከልክ በላይ ማክበድ። ይኼኛው ኪስ ይነካል። በአማዞን የ70 በመቶ ክፍያ ከመረጡ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ ላይ በሜጋባይት 15 ሳንቲም የማድረሻ ይቆረጣል። መጽሐፉ 60 ሜጋባይት ሆነ እንበል፤ 9 ዶላር ሄደ ማለት ነው። በ70 በመቶው ምርጫ የመጽሐፉ ጣሪያ ዋጋ ደግሞ 9.99 ዶላር ነው! ስለዚህ ከስካኑ የወጣውን ዋና ፋይል በቲፍ ያስቀምጡና ለመጽሐፉ አነስ ያለ የጄፔግ ቅጂ ያውጡ። ለአብዛኛው ፎቶ ከ300 እስከ 400 ኪሎባይት በቂ ነው ባይ ነኝ። ቅጂው ካልጣመዎት እሱኑ ደጋግመው አያስቀምጡት፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ጥራት ስለሚቀንስ ከዋናው እንደገና ይጀምሩ። ወይም የ35 በመቶውን ይምረጡ፤ እዚያ የማድረሻ የለም።

ሽፋኑን አማዞን የሚመክረው 2560 ፒክስል ቁመት በ1600 ስፋት ነው። ቀለሙ ለስክሪን የሚሆነው አርጂቢ ይሁን፤ ለማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ሲኤምዋይኬ ፋይል አይስጡ።

የአባትዎ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ካለ ምስሉን ያስገቡና ትርጉሙን ከሥሩ በጽሑፍ ይክተቡት። አንባቢ ፊደል ቢያሳድግ ምስል ውስጥ ያለው ቃል አብሮ አያድግም፤ ተፈልጎም አይገኝም። ብዙዎቹ የኪንድል ማንበቢያዎች ጥቁርና ነጭ ስለሆኑም አረንጓዴ ላይ የተጻፈ ቀይ ርዕስ እዚያ ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን ከመላክዎ በፊት ቀለሙን አጥፍተው፣ በአውራ ጣት ልክ አሳንሰው ይዩት።