ቢጫ ካርድ ዜግነት ነው?

በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ባቡር ወደ ክፍል ስንሄድ አንዲት ጓደኛዬ አያቷ አየርላንድ ስለተወለዱ የአሜሪካ ዜግነቷን ሳትተው የአየርላንድ ዜጋ መሆን እንደምትችል ነገረችኝ። «አንተስ በአያቶችህ በኩል አታገኝም?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ማታ ሕጋችንን ማንበብ ጀመርኩ።

የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378፣ አንቀጽ 20፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አባቴ ለአሜሪካ ቃለ መሐላ የፈጸመ ዕለት የሆነው ይኸው ነው።

የእኔ ግን ይለያል። እዚህ ስወለድ ወላጆቼ ገና ግሪን ካርድ ብቻ ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 6 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ስለሚል፣ ስወለድ የሁለቱም አገር ልጅ ነበርኩ። እንደኔ ላለው አዋጁ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል፤ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ለባለሥልጣኑ ካላሳወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል።

ይህን ሳነብ 20 ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቀኑ ያለፈው የመጀመሪያ ዓመት ፈተና እያጠናሁ ነው። ባውቅም ኖሮ ምናልባት አሜሪካዊነቴን አልተውም ነበር፤ ያልሰማሁትን ጥያቄ እንደመለስኩ መቆጠሬ ግን ይቆጨኛል።

ለእኛ የቀረልን በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ያመጣው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ነው። ራሱ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያወጣው ይችላል፤ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የያዘን ግን አይጨምርም። ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። ሆኖም አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ በቋሚነት አይቀጠርም። ስለዚህ ቢጫ ካርድ የአገር ቤት በር ይከፍታል እንጂ ዜግነት አይደለም።

ገና 19 ዓመት ያልሞላችሁ እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች፣ ስትወለዱ ወላጆቻችሁ በየትኛው ዜግነት እንደነበሩ ዛሬውኑ ጠይቁ። ቀኑ ያለፈብን ደግሞ ዘራችንን የሚያስረዳውን ወረቀት ሳይጠፋ እናሰባስብ። የእናቴን የድሮ ፓስፖርት ያገኘሁት አልጋ ሥር ካለ ሻንጣ ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው።