የምክር ቤት ሕግ ከአገሩ ወሰን አልፎ እንዴት እንደሚሄድ

ሕግ በሚያወጣ ምክር ቤት ፊት ሦስት ከባድ ነገሮች ዘወትር ይቀርባሉ፤ እነዚህም ከውጭ መንግሥታት ጋራ ያለው ግንኙነት፥ የአገር መጠበቂያ ጦርና ከባዕድ አገር ጋራ የሚደረገው ንግድ ናቸው። ብዙ ሰው ሦስቱ እየራሳቸው የቆሙ ይመስለዋል። ነገር ግን እንደ ሦስት ጕልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢነቀል ድስቱ ይደፋል። ይህንንም ለመረዳት የአሜሪካ ምክር ቤት ከ1922 እስከ 1933 ዓ.ም. የሠራውን መመልከት ይበቃል፤ ከሕጎቹ የአንዱ መዘዝ ለአገራችንም ተርፎ ነበርና።

የአሜሪካ ምክር ቤት ኮንግሬስ ይባላል። እርሱም በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፥ ሁለተኛውም የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ነው። የውጭ ንግድን መወሰን፥ ለጦር ገንዘብ መፍቀድ፥ ጦርነትንም ማወጅ በሕገ መንግሥታቸው ለኮንግሬስ የተሰጠ ሥልጣን ነው።

መጀመሪያ፥ ስለ ንግድ። በ1922 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር 1930) ገበሬውና የፋብሪካ ባለቤቱ «የባዕድ ዕቃ ገበያችንን አጠፋብን» ብለው ስለ ጮኹ፥ ኮንግሬስ ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ጨመረ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንደ ተባለ፥ እንደራሴዎቹ ለየአውራጃቸው ምርት ከፍ ያለ ቀረጥ ለማስጻፍ ተሻሙ። ከ1 ሺህ የሚበልጡ የሀብት አስተዳደር ሊቃውንት ፕሬዚዳንት ሁቨር ሕጉን እንዳይፈርሙ ለመኑ፤ እርሳቸው ግን ፈረሙ። ካናዳና ሌሎች አገሮችም በአሜሪካ ዕቃ ላይ ቀረጥ በመጨመር ብድሩን መለሱ። የዓለም ንግድ አስቀድሞ ታሞ ነበር፤ ይህ ሕግ ሕመሙን አባሰው። በ1926 ዓ.ም. ኮንግሬስ ራሱ፥ ፕሬዚዳንቱ ከየአገሩ ጋራ እየተዋዋሉ ቀረጡን እስከ እኩሌታው እንዲቀንሱ ፈቀደ።

ሁለተኛ፥ ስለ ውጭ ጉዳይ። በፊተኛው የዓለም ጦርነት ከ100 ሺህ የሚበልጡ አሜሪካውያን ስለ ሞቱ፥ ሕዝቡ «ዳግመኛ በሰው አገር ጦርነት አንገባም» ይል ነበር። ስለዚህ ነሐሴ 25 ቀን 1927 ዓ.ም. (1935) የገለልተኛነት ሕግ ጸና፤ ይኸውም ወራሪውን ከተወረረው ሳይለይ፥ ለሚዋጉ መንግሥታት ሁሉ የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ነበር። ወር ያህል ቆይቶ፥ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉ በሁለቱም ላይ እንዲሠራ አወጁ።

እንግዲህ ይህን ፍርድ እንመርምር። አንድ ዳኛ ጕልበተኛ ደካማውን ሲደበድብ አይቶ «ለሁለታችሁም ዱላ አይሸጥ» ቢል፥ ጕልበተኛው ግን ዱላ በቤቱ ሞልቶት እንደ ሆነ፥ የተከለከለው ማን ነው? ኢጣልያ መድፍና አውሮፕላን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ከመግዛት በቀር ሌላ መንገድ አልነበራትም። ደግሞም ሕጉ ነዳጅ ዘይትን አልከለከለም፤ ስለዚህ የጦር መኪናና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት ከአሜሪካ ወደ ኢጣልያ መሄዱን አላቋረጠም። መንግሥታቸው ነጋዴዎቹ እንዲተዉ ቢመክርም፥ ምክር እንደ ሕግ አያስርም።

ሦስተኛ፥ ስለ ጦር። ጦርነት በኤውሮፓ ሲነሣ፥ በ1932 ዓ.ም. (1939) ኮንግሬስ የመሣሪያውን ክልከላ አነሣ። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. (1941) ደግሞ የጦር ዕቃ ለወዳጅ አገሮች በብድርና በኪራይ እንዲሰጥ የሚፈቅደው ሕግ ጸና። በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን፥ ለአንድ ዓመት የተመለመሉት ወታደሮች ጊዜያቸው ይጨመር ወይስ ይሰናበቱ የሚለው ነገር ለእንደራሴዎቹ ቀረበ፤ 203 ደገፉ፥ 202 ተቃወሙ። በአንድ ድምፅ ብልጫ ሠራዊቱ ከመጉደል ዳነ። አራት ወር ሳይሞላ፥ ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚባለውን የጦር ወደባቸውን መታች።

በ1935 ዓ.ም. ነሐሴ ወር (1943) ኢትዮጵያም በዚያው የብድርና የኪራይ ሕግ መሠረት ከአሜሪካ ጋራ የመረዳዳት ውል ተፈራረመች። እነሆ፥ በስምንት ዓመት ውስጥ ያው ምክር ቤት ፊት የከለከለንን በኋላ ፈቀደልን። የተሳሳተውን ሕግ መሻሩ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን በመካከል የፈሰሰው ደም አይመለስም።

መምህራን ሆይ፥ ተማሮችን «እኩል መከልከል ሁልጊዜ እኩል ፍርድ ነውን?» ብላችሁ ጠይቁአቸው፤ የሚመልሱትንም በትዕግሥት ስሙ። እናንተም ሽማግሌዎች፥ በመንደር ሸንጎ ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ስትወስኑ፥ «ማንን ይጠቅማል?» ብቻ ሳይሆን «በሩቅ ያለ ማን ይጎዳበታል?» ማለትን አትርሱ። የላይኛው መንደር ወንዙን ሲጠልፍ፥ የታችኛው መንደር ይጠማልና።