የመድኃኒት ደኅንነት ምስክርነት ምኑን ይመሰክራል?

ስለ ምስክር ወረቀቱ ከመናገራችን በፊት የሚመሰከርለትን ነገር እንወቅ። የመድኃኒት ደኅንነት ስንል ክኒኑ ሐሰተኛ አለመሆኑን ወይም ጊዜው አለማለፉን ማለታችን አይደለም፤ ያ የጥራት ጉዳይ ነው። ደኅንነት የምንለው ጥራቱን የጠበቀ መድኃኒት ከሐኪሙ እስክሪብቶ ተነሥቶ በሽተኛው አፍ ወይም ደም ሥር እስኪገባ ድረስ ባለው መንገድ ሁሉ ጉዳት እንዳያስከትል የሚደረገውን ጥበቃ ነው።

ቀጥለን ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የጎንዮሽ ጉዳት የሚባለው መድኃኒቱ በትክክል ታዝዞ፣ በተለመደው መጠን ተወስዶ ሳለ የሚከተል ያልተፈለገ ጉዳት ነው። የመድኃኒት ስሕተት ግን በማዘዝ፣ በማደል፣ በመስጠት ወይም በመውሰድ ላይ የሚፈጠር፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጥፋት ነው። አንድ መድኃኒት ሁለቱንም ያሳየናል። ሜቶትሬክሴት ለሩማቶይድ አርትራይተስ ሲታዘዝ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በሽተኛዋ እንደታዘዘላት ውጣው ቢያቅለሸልሻት የጎንዮሽ ጉዳት ነው። አሁን ደግሞ ማዘዣው «በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ» እያለ፣ አዳዩ እጁ እንደለመደው በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ «1×1» (በቀን አንድ ጊዜ) ብሎ ጻፈ እንበል። በየቀኑ ትውጠዋለች፤ አፏ ይቆስላል፣ መቅኒዋ ደም ማምረት ያቅተዋል፣ ልትሞትም ትችላለች። ይህ ስሕተት ነው። ሌላ ፋርማሲስት ከረጢቱ ከመስኮቱ ሳይወጣ አይታ ብታርመው ደግሞ ለጥቂት የከሸፈ ስሕተት እንለዋለን። ማንም ሳይጎዳ ቀዳዳው የት እንዳለ ስለሚያሳይ፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ይህንን ነው።

እንግዲህ ደኅንነት ምን እንደሆነ፣ ስሕተትም ከጎንዮሽ ጉዳት በምን እንደሚለይ አይተናል። ወደ ወረቀቶቹ እንሂድ፤ ሦስት ዓይነት ናቸው። የሙያ ፈቃድ መንግሥት የሚሰጠው ነው፤ ያለ እርሱ መሥራት ያስጠይቃል። የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት አንድ ሰው ኮርሱን ተከታትሎ መጨረሱን ይናገራል። የሙያ ብቃት ምስክርነት ደግሞ መማርን ሳይሆን መፈተንን መሠረት ያደርጋል፤ ጊዜውም ያልቃል፣ መታደስ አለበት። ማስታወቂያዎች ሁለቱን የኋለኞቹን «ሰርተፋይድ» እያሉ አንድ ላይ ይጠቀልሏቸዋል፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉም ይመሳሰላሉ።

ከአሜሪካ ምሳሌ እንውሰድ። የአሜሪካ የጤና ሥርዓት ፋርማሲስቶች ማኅበር (ኤኤስኤችፒ) እና ለመድኃኒት አጠቃቀም ደኅንነት የቆመው ድርጅት (አይኤስኤምፒ) በጋራ ያዘጋጁት የመድኃኒት ደኅንነት ትምህርት የሚሰጠው የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ነው። ሲፒፒኤስ የሚባለው የበሽተኞች ደኅንነት ምስክርነት ግን በፈተና የሚገኝ ነው። ለሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ሐኪሞችና ነርሶችም ይፈተኑበታል። ከአገራችን ተመርቃችሁ እዚያ የምትኖሩ ፋርማሲስቶች አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የትምህርት አቻነት ማረጋገጫውንና የፈቃድ ፈተናውን ከእነዚህ አንዱም አይተካላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የደኅንነት ምስክርነት የያዘ ሰው አይሳሳትም ማለት ነው? አይደለም። ወረቀት ብቻውን ስሕተትን እንደማይከለክል ለማየት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ የሁለት ዓመት ሕፃን ለካንሰር በምትታከምበት ጊዜ የሆነውን እንመልከት። መድኃኒቷ መበጥበጥ የነበረበት 0.9 በመቶ ጨው ባለው ፈሳሽ ነበር። የፋርማሲ ቴክኒሺያኗ ከ20 በመቶ በላይ ጨው ያለበትን አዘጋጀች፤ ፋርማሲስቱም አይቶ አሳለፈው። ሕፃኗ ሞተች። ፋርማሲስቱ የሙያ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ስድስት ወርም እንዲታሰር ተፈረደበት። ግዛቲቱ በዚያን ጊዜ ለፋርማሲ ቴክኒሺያኖች የብቃት ፈተና አትጠይቅም ነበር፤ በሕፃኗ ስም የተጠራው ሕግ ይህን አስተካከለ።

ሕጉ መልካም ነው። ሆኖም ያልተፈተነን መፈተን አንዱን ቀዳዳ ብቻ ይደፍናል። ፋርማሲስቱ ፈቃድ ያለው፣ የተማረ ሰው ነበር። በዚያ ቀን የኮምፒውተር ሥርዓቱ ተቋርጦ ሥራ ተከማችቶ እንደነበር፣ የሰው እጥረትም እንደነበረ ተዘግቧል። አይኤስኤምፒ በወንጀል መከሰሱን የተቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየውን ማሰር የተከማቸውን ሥራም ሆነ የሰው እጥረቱን አይነካም። እኔም በዚህ ከድርጅቱ ጋር እስማማለሁ፤ በግልጽ ቸልተኝነት ለደረሰ ጥፋት ግን ተጠያቂነት የለም ማለቴ አይደለም።

የመድኃኒት ደኅንነት ትምህርት እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። መከላከያዎች ሁሉ እኩል ብርታት የላቸውም። «ተጠንቀቁ» ብሎ ማሳሰብ፣ ማሠልጠን፣ መመሪያ መለጠፍ ከደካሞቹ ይመደባሉ፤ የደከመ ሰው ይረሳቸዋልና። የበረታው መከላከያ ስሕተቱ ራሱ እንዳይቻል የሚያደርግ ነው። መጠነ ክምችቱ ከፍ ያለ ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በቀጥታ ደም ሥር ቢወጋ ልብን ያቆማል። ብልቃጡ ላይ ቀይ ምልክት መለጠፍ ይረዳል፤ ብልቃጡን ከዋርድ አውጥቶ ፋርማሲ ብቻ ማስቀመጥ ግን ነርሷ በሌሊት ተሳስታ እንዳታነሣው ያደርጋል። እንግዲህ ምስክርነቱ የሚመሰክረው ባለቤቱ ስሕተት የሚያልፍበትን መንገድ መርምሮ እንዲህ ያለውን በር መዝጋት እንደሚያውቅ ነው። ሥልጠና ብቻውን ደካማ መሆኑን በሥልጠና መማር ትንሽ ያስቃል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው።

በአገራችንም እንዲህ ያሉ በሮችን ለመዝጋት መነሻው በእጃችን አለ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቢጫ ቅጽ ከጎንዮሽ ጉዳት በተጨማሪ የመድኃኒት ስሕተትንና የጥራት ጉድለትንም ይቀበላል፤ ለመሙላትም ልዩ ሰርተፊኬት አያስፈልግም። በሚገባ የተሞላ ቅጽ «አዳዩ ተሳስቷል» ብሎ አያበቃም። ማዘዣው ምን ይል እንደነበር፣ ከረጢቱ ላይ ምን እንደተጻፈ፣ የሚመሳሰሉት ሁለት ካርቶኖች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደሆነ፣ በዚያ ሰዓት በመስኮቱ ፊት ስንት ሰው ይጠብቅ እንደነበርም ይጽፋል።