ስሙ የተመዘገበ ሁሉ ክፍል ገብቷል ማለት አይደለም

ልጄ፣ በመስከረም ሦስተኛ ክፍል እንደምትረከቢ ሰማሁ፤ ደስ ብሎኛል። ርዕሰ መምህሩ ዘንድሮ ማየት የተሳናት ልጅና በዊልቸር የሚመጣ ልጅ እንደሚደርሱሽ ሲነግሩሽ «እኔ እኮ የልዩ ፍላጎት መምህርት አይደለሁም» ብለሽ እንደመለስሽም ሰምቻለሁ። በመደንገጥሽ አልቆጣሽም። ኮሌጅ ሳለሽ ስለ አካቶ ትምህርት የወሰድሽው ያ አንድ ኮርስ ከስሙ ያለፈ ብዙ እንዳልተረፈልሽ አውቃለሁ። ደግ ልጅ ነሽ፤ ግን ትዘነጊያለሽ። ይህን ሥራ የሚያበላሸው ደግሞ መዘንጋት ነው። ልጅን መዝግቦ፣ ወንበር ሰጥቶ፣ ጠዋት ጠዋት ስሙን እየጠሩ ቀኑን ሙሉ መርሳት ቀላል ነው። ስለዚህ ይህችን ጽፌልሻለሁ፤ ቁጥር የሰጠኋት ስትፈልጊ በቶሎ እንድታገኚው ነው።

1. ያልመጣውን ልጅ ፈልጊ። በምዝገባ ሰሞን ቤት ለቤት ስትዞሪ «ለትምህርት የደረሱ ስንት ልጆች አሉ?» ብለሽ የተነገረሽን ቁጥር ጽፈሽ አትውጪ። እናት «ሦስት» ትልሻለች፤ አራተኛው ጓዳ ነው። ልትዋሽሽ ብላ አይደለም። ያ ልጅ «ለትምህርት የደረሰ» ከሚባሉት ይቆጠራል ብላ አስባ አታውቅም። አንዳንዷም «እርግማን ነው» ሲሏት ኖራ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጇን መሸሸግ ልማድ ሆኖባታል። ጥያቄሽን ለውጪና «እዚህ ቤት የሚያድሩት ልጆች ስማቸው ማን ማን ነው?» በያት። ስም እየቆጠረች አራተኛውን መዝለል ይከብዳታል። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጠይቂ፤ ክትባት ስትከታተል የኖረች ናትና የማን ጓዳ ማን እንዳለበት ከሊቀ መንበሩ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ልጁን ስታገኚው ደግሞ ከእናቱ ጋር ብቻ አታውሪ፤ እሱን ራሱን ስሙን ጠይቂው።

2. ውለታ የምትውዪ አይምሰልሽ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ይላል። ይህን የምነግርሽ በየስብሰባው እንድትነበንቢው አይደለም። ውለታ የሚውል ሰው ሲደክመው ይተዋል፤ ዕዳ ያለበት ግን ደክሞትም ይከፍላል። ስለ ማየት የተሳናት ልጅ «ሰበታ መርሐ ዕውራን ትሂድ» የሚልሽ ባልደረባ አይጠፋም። ሰበታ ስንቱን ትችላለች? እናቷስ ልጇን ከጉያዋ አውጥታ ለምን ትሰዳት፣ ትምህርት ቤት ደጃፏ ላይ ቆሞ ሳለ?

3. አፍሽና ጠመኔሽ አይለያዩ። ሰሌዳ ላይ የምትጽፊውን ሁሉ እየጻፍሽ አንብቢው። ቀላል ይመስላል፤ አንድ ሳምንት ሞክሪና ታዪዋለሽ። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ራስሽን አዳምጪ፦ «ይህን ከዚህ ስንደምረው ይህ ይመጣል፤ ከዚያ ይህችን ወደዚህ እናመጣታለን፤ ገባችሁ?» የሚያዩት በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይሉሻል። ማየት የተሳናት ልጅ የሰማችው ግን «ይህ» እና «ይህ» ብቻ ነው። «27 ሲደመር 15፤ ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት፤ ሁለትን ጽፈን አንዷን ወደ አሥር ቤት እንወስዳለን» ብትዪ እኩል ትሄዳለች። የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቀው ሰሌዳው የማይታያቸውም አብረው ይጠቀማሉ። በጣትሽ እየጠቆምሽ «እስኪ አንተ» ማለትሽንም ተዪ፤ በስም ጥሪ። ወንበር ከቦታው ካነሳሽ ንገሪያት።

ስትጽፍም ጊዜ ስጫት። ብሬል ስሌት በሚባል ቀዳዳማ ሰሌዳና ስታይለስ በሚባል መውጊያ የሚጻፈው ጠንካራ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እየተወጋ ነው፤ ያውም ከቀኝ ወደ ግራ። ወረቀቱ ሲገለበጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ሌሎቹ ጽፈው ሲያበቁ እሷ ገና ግማሽ ላይ ብትሆን ዘገምተኛ ሆና አይደለም። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ይረብሻል የሚልሽ ከመጣም፣ ትንሽ ሲቆይ ማንም እንደማይሰማው ንገሪው። ከሁሉ በላይ በሒሳብና በሳይንስ ሰዓት «አንቺን አይመለከትሽም» ብለሽ ጥግ አታስቀምጫት። ይህ የቆየ በሽታችን ነው። ኋላ የምትመርጠውን ሙያ አንቺ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆረጥሽባት ማለት ነው። አባከስ ቢገኝ እሰየው፤ ካልተገኘ ባቄላና ቆርኪ ይቆጠራል።

4. መስማት የተሳነው ልጅ ከደረሰሽ፣ የምትችዪውንና የማትችዪውን ለይተሽ እወቂ። የምትችዪው ይህ ነው፦ ወደ ሰሌዳው ዞረሽ አታውሪ፤ መስኮቱ ከኋላሽ ሆኖ ፊትሽን አያጨልመው፤ እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺ። ግን ከንፈር አይቶ ሁሉን የሚረዳ እንዳይመስልሽ። መስታወት ፊት ቆመሽ «በ»ንና «መ»ን ድምፅ ሳታሰሚ ብትያቸው ራስሽም አትለዪአቸውም። ቋንቋ ሳይኖረው በስልሳ ሰሚ ልጆች መሀል የተቀመጠ ልጅ ተካተተ አይባልም፤ ተቀመጠ ነው የሚባለው። በአንዳንድ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ግቢ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚያ ከመሰሎቹ ጋር የምልክት ቋንቋ ቢይዝና ኋላ ወደ እናንተ ቢመጣ ይሻለው ይሆናል። ልዩ ክፍል ሲባል እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም።

ይህ ግን አንቺን ከመማር አያድንሽም። የአማርኛውን የጣት ፊደል ያዢ። እያንዳንዱ ፊደል አንድ የእጅ ቅርፅ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚለየው በእጁ አቅጣጫና እንቅስቃሴ ነው። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሥርዓቱን በቶሎ ያገኘዋል። ክፍሉን በሙሉ አስተምሪያቸው። ልጆቹ ይቀድሙሻል፤ በፈተና ሰዓት መልስ መቀባበያ እስኪያደርጉት ድረስ።

5. «ሰነፍ» ከማለትሽ በፊት ዓይኑንና ጆሮውን እዪ። ማንም ያልነገረሽ ጉዳት ከተነገረሽ ይበዛል። ደብተሩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ የሚጽፍ፣ ሰሌዳውን ትቶ ከጎረቤቱ የሚገለብጥ፣ ስትጠሪው አንድ ጆሮውን የሚያዞር፣ ጆሮው የሚመግል፣ ዓይኑን እያሸ የሚውል ልጅ ልብ በዪ። ትራኮማ ባለበት አገር ነው የምታስተምሪው። ፊት ወንበር አምጪውና ወላጁን አስጠርተሽ ጤና ጣቢያ ላኪያቸው።

6. የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ሲወድቅ ክብሪት አታስጭሪ። ልጁ ሲወድቅ ክፍሉ ይተራመሳል፤ አንዱ ክብሪት አጭሶ አፍንጫው ሥር ሊይዝ ይሮጣል፣ አንዱ ጥርሱን ሊፈለቅቅበት ማንኪያ ይፈልጋል፣ ሌላው «አትንኩት፣ ይተላለፋል!» ይላል። አይተላለፍም። የክፍል አለቃው ሌሎቹን ይዞ ይውጣ፤ አንቺ ሰዓትሽን እዪ። ዴስኩን ከአጠገቡ አርቂ፣ ጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጊ፣ የአንገቱን ቁልፍ ፍቺ፣ በጎኑ አስተኚው። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ፤ እንዳይንፈራገጥ ብለሽም አትጫኚው። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያበቃል። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሲነቃ ሱሪው ርሶ ሊያገኘው ይችላል፤ መሳቢያሽ ውስጥ አንድ ቅያሪ ይኑር። እውነቴን ነው፣ ልጁን በማግሥቱ ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው በሽታው ሳይሆን ያ እርጥብ ሱሪ ነው።

ወላጆቹን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስድ እንደሆነ ጠይቂ። ጠበል የሚወስዱት ከሆነ አትሟገቻቸው፤ ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም አይቋረጥ በያቸው። ክኒኑን በድንገት ማቆም የባሰ ይጥለዋል።

7. ሽንት ቤቱን ራስሽ ሄደሽ እዪው። በዊልቸር የሚመጣው ልጅ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ከሆነ ምክንያቱን እዚያ ታገኚዋለሽ። መግቢያው ደረጃ ነው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ ጉሮሮውን አድርቆ ይውላል፤ ከምሳ በኋላ ራሱን ሲያመው «ትኩረት የለውም» ተብሎ ይጻፍበታል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የወር አበባ ሲመጣባት በዚሁ ሰበብ ትቀራለች፤ ምክንያቱን ለማንም አትናገርም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች አዟል። «የእኛ ትምህርት ቤት እኮ ከአዋጁ በፊት ነው የተሠራው» ይሉሻል። ይሁንላቸው፤ ጥቂት ሲሚንቶ፣ አሸዋና የወላጅ ጉልበት ራምፕ ያወጣል። የትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት (ስኩል ግራንት) ዕቅድ ሲወጣ አፍሽን ይዘሽ አትቀመጪ። ብቻ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሠርተው «ራምፕ» እንዳይሉሽ፤ ለእያንዳንዷ አሥር ሳንቲሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት ይያዝ። ክፍልሽ ፎቅ ላይ ከሆነ ምድር ካለ ክፍል ጋር ይቀየርልሽ። ከነዊልቸሩ ተሸክመው የሚያወጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ግን አንድ ቀን ይጥሉታል።

8. በእዝነት ማርክ አትስጪ። የእዝነት ማርክ ልጅን ከክፍል ክፍል ያሻግርና ፊደል ሳያስቆጥር ስምንተኛ ክፍል ያደርሰዋል፤ እዚያ ሚኒስትሪ ይጠብቀዋል፣ ሚኒስትሪ ደግሞ አያዝንም። መንገዱን ለውጪለት፦ በቃል ጠይቂ፣ ሰዓት ጨምሪ፣ አንባቢ መድቢ። መመዘኛው ግን ያው ይሁን። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ገና ሕፃን ሳሉ ዓይናቸውን አጥተው፣ ሻሸመኔ ማየት ለተሳናቸው ልጆች በተከፈተ ትምህርት ቤት ጀምረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያጠኑ ሴት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። እዚያ የሚደርሰው በምጽዋት ማርክ አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ነገሩ ይለያል፤ እሱ ግቡም የራሱ ነው። የዓመቱ ግብ ስሙን መጻፍና እስከ ሃያ መቁጠር ከሆነ ጽፈሽ ያዢው፣ በዚያው መዝኚው፣ ሲያሳካው አስጨብጭቢለት።

9. ለተማሪዎችሽ ስብከት አታብዢ፤ የሚቀዱት ከአንደበትሽ ነው። ክፍሉን ለማሳቅ «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» ያልሽ ቀን፣ በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ ሲመለስልሽ ትሰሚዋለሽ። ማየት የተሳናትን ልጅ በበትሯ እንዳይጎትቷት አሳያቸው፤ እሷ የመሪዋን ክንድ ከክርኑ በላይ ትይዛለች፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ትከተላለች። ረዳቷን ቀያይሪ። ሁልጊዜ አንዲት ታዛዥ ልጅ ከሆነች ጓደኝነቱ ሥራ ይሆንባትና ትሰለቻለች። ደግሞ ስታጠፋ ተቆጫት። የማይቆጡት ልጅ የክፍሉ እንግዳ ነው።

10. ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከመጣ፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድመሽ ንገሪው። የመቀመጫ መቀየር፣ የተለወጠ ክፍለ ጊዜ፣ ድንገት የሚጮህ ደወል እሱን ከምትገምቺው በላይ ያናውጠዋል። ሲጮህ «ባለጌ» አትበይው፤ ድምፅሽን ቀንሰሽ ጸጥ ወዳለ ቦታ ውሰጂው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ያን ጊዜ በራቸውን የዘጉት መምህራን ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዳንቺ የደነገጡ ነበሩ።

11. የምታውቂውን ይዘሽ አትሂጂ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀጭን ደብተር ያዢ፦ የት ሲቀመጥ እንደሚሻለው፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ መድኃኒቱን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የትኛውን ልጅ እንደሚወድ። የጎደለሽን እናቱን ጠይቂ፤ ኮሌጅ ያልነገረሽን እሷ ትነግርሻለች። በአቅራቢያሽ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ ማዕከል (ሪሶርስ ሴንተር) ካለ፣ ለብሬል ወረቀትም ለምክርም ዓመቱ ሳይጋመስ ሂጂ። ሰኔ ላይ ደብተሩን ቢሮ መደርደሪያ ላይ እንዳትጥዪው፤ የአራተኛ ክፍሉን መምህር ፈልገሽ በእጁ ስጪው። ማየት የተሳናት ልጅም ራሷ በደብተሯ መጨረሻ ላይ ሁለት መስመር ትጨምርበት። በብሬል ብትጽፈው ተዪያት፤ አዲሱ መምህር ምን እንዳለች ለማወቅ እሷኑ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።