የመዳብ ኩባንያ ትርፍና ኪሳራ

በክፍላችን ክርክር በተደረገ ጊዜ እኔ «ብዙ መዳብ ያለው አገር ሊደኸይ አይችልም» ብዬ ተከራክሬ ተረታሁ። ከዚያ ወዲህ የዛምቢያን መዳብ ታሪክ አጥንቼ የተረዳሁትን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ኩባንያ ጥቂት መዳብ ለማውጣት 80 ብር አውጥቶ በ100 ብር ሸጠው እንበል፤ ትርፉ 20 ብር ነው። ዋጋው ወደ 90 ብር ቢወርድ ትርፉ 10 ብር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ዋጋው ከመቶ 10 እጅ ሲቀንስ ትርፉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ዋጋውን የሚቈርጠው ደግሞ ኩባንያው ሳይሆን እንደ ለንደን ያለው የዓለም ገበያ ነው። ኩባንያው ሊቈጣጠር የሚችለው ወጪውን ነው።

ዛምቢያ ነፃ የወጣችው በ1964 ነው። በ1969 ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ መንግሥት ከመዳብ ኩባንያዎቹ 51 ከመቶ ድርሻ እንደሚይዝ አስታወቁ። በዚያ ዓመት የተመረተው መዳብ ከ700,000 ቶን በላይ ነበር። ነገር ግን በ1974 የመዳብ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ የመንግሥቱም ገቢ አብሮ ወደቀ።

በ1982 ኩባንያዎቹ ተጠቃለው ዜድ ሲ ሲ ኤም የተባለው ድርጅት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ማዕድን ከማውጣት ሌላ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ያስተዳድር፥ ለከተሞቹም ውሃ ያቀርብ ነበር። ሥራው በጎ ነው፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ሲያረጅ፥ ጕድጓዱም እየጠለቀ ሲሄድ፥ ለማደሻ የሚሆን ገንዘብ አነሰ። ምርቱ እየቀነሰ ሄዶ በ2000 ወደ 250,000 ቶን ገደማ ደረሰ፤ ማዕድኖቹም ከ1997 እስከ 2000 ድረስ ተከፋፍለው ለግል ኩባንያዎች ተሸጡ።

ስለዚህ የተረታሁት በትክክል ነው። ሀብት ማለት ከመሬት በታች ያለው መዳብ ብቻ አይደለም፤ በደጉ ዘመን ወጪን መጥኖ፥ መሣሪያን አድሶ፥ ለክፉው ዘመን ማስቀመጥም ነው። የእኛም ቡና ዋጋው የሚቈረጠው በውጭ አገር ገበያ ስለ ሆነ ነገሩ እኛንም ይመለከተናል። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ ክረምት ሲገባ ምን ይዘራል?